ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፤ ከጋፋት እስከ አስፉሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ፣ የጣራ ገዳምን ተራራ በጎን ትቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ከከተማዪቱ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥቂት እንደ ሄደ ጋፋት ከተባለው ጉብታ ይደርሳል። ጋፋት በታሪካችን የሚታወሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያስሠሩበት ስፍራ በመሆኑ ነው። በዚያ ጉብታ ላይ ከሠሩት አውሮፓውያን ጥበበኞች አንዱ ስዊሳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር። ስሙ በመጻሕፍት የሚነሣው ከመድፉ ጋር ሲሆን፣ ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ ከመቅደላ ጋር ያበቃል። ዳሩ ግን ሰውዬው ከመቅደላ በኋላ አርባ ሰባት ዓመት ያህል ኖሯል። የሕይወቱን ሁለት ክፍሎች አንድ የሚያደርጋቸው ጉዳይ ደግሞ መድፍ አይደለም፤ ለበጎ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከማን፣ በምንስ ውል ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

ዋልድማየር በስዊስ አገር በአርጋው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1832 ተወለደ። ያደገው በካቶሊክ ቤተ ሰብ ቢሆንም በወጣትነቱ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ገባ፤ ከዚያም በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የመንገደኞች ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ይህን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1840 የመሠረተው ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ሽፒትለር ነበር። ድርጅቱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ንብረት አልነበረም። የስዊስ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የደቡብ ጀርመን ሉተራውያን በአንድነት የሚረዱት፣ ከደጋግ ምእመናን በሚሰበሰብ ምጽዋት የሚተዳደር የበጎ አድራጎት ተቋም ነበር።

ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረ ሽፒትለር አንድ ዘዴ አሰበ። ይኸውም የሚላከው ሰው የእጅ ሙያ ያለው፣ አናጢ ወይም ግንበኛ ወይም ብረት ሠሪ እንዲሆንና፣ በሄደበት አገር በገዛ እጁ ሠርቶ እየኖረ ወንጌል እንዲያስተምር ነው። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ ድረስ አሥራ ሁለት ጣቢያዎችን በሐዋርያት ስም የማቆም ሐሳብም ነበረው። በኢየሩሳሌም ደግሞ እንግሊዝና ፕሩሲያ በጋራ ያቋቋሙት የፕሮቴስታንት ጵጵስና ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1846 ጀምሮ መንበሩን የያዙት ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ተቀምጠው ጎንደርን የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ ዕቅዱን ደገፉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዕቅዱ እንከን አልነበረውም፤ ለጋሹ የሚከፍለው የመንገዱን ስንቅ ብቻ ነውና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዙፋን በተቀመጡበት በእ.ኤ.አ. 1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ መልእክት ይዘው ከፊታቸው ቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰባኪ ሳይሆን ጥበበኛ እንደሚሹ ግልጽ አደረጉ። በተከታዩ ዓመት ፍላድና ጓደኞቹ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው መጡ፤ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለርም እ.ኤ.አ. በ1858 ከአውሮፓ ተነሥተው በማግሥቱ ዓመት ደረሱ። ዋልድማየር ብዙም ሳይቆይ የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ቤል በአገሬው ዘንድ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባል የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ እናቷም ኢትዮጵያዊት ስለ ነበሩ እንግዳው በጋብቻው ዘመድ፣ ቋንቋና ስፍራ አገኘ። አማቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1860 በጦር ሜዳ ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ።

ጥበበኞቹ በጋፋት ጉብታ ላይ ሰፈሩ። መኖሪያና የሥራ ቤት ሠሩ፤ ልጆች ሰብስበው አስተማሩ፤ ጠመንጃ ጠገኑ፤ ሠረገላ አበጁ፤ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር በሚያገናኘው የመንገድ ሥራም ተሰማሩ። እዚህ ላይ የሽፒትለር ዕቅድ ያላሰበው ነገር ገጠመ። በገዛ ሙያው ይደር የተባለው ሰው ሙያውን የሚገዛለት ገበያ ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን በበጌምድር ለአውሮፓዊ የብረት ሥራ ዋጋ የሚከፍል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ንጉሡ ነው። ቀለቡ፣ ጠገራ ብሩ፣ ማልያው ሐር ቀሚስና የተሸለመው በቅሎ ሁሉ ከአንድ እጅ ይመጣ ነበር። የዚያ እጅ ስጦታ ምንጭም በመጨረሻ የበጌምድር ገበሬ ነበር። የባዝል ማኅበር ሰዎቹን ያለ በጀት በመላኩ ከለጋሽ ነጻ ያወጣቸው መስሎት ነበር፤ ያደረገው ግን ከብዙ ትናንሽ ለጋሾች እጅ አውጥቶ ለአንድ ታላቅ ለጋሽ ማስረከብ ሆነ።

ታላቁ ለጋሽም የፈለገውን ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዙሪያቸውን በዐመፅ ተከበው፣ ድንበራቸውም በግብፅ ኃይል እየተሰጋ ሳለ የሚመኩበትን መሣሪያ በአገራቸው ማሠራት ፈለጉ። ጥበበኞቹ መድፍ አፍስሰው አያውቁም፤ የሚያስተምራቸውም አልነበረም። እምቢ ማለት ግን የጉብታውን ቤት፣ ትምህርት ቤቱን፣ ምናልባትም ነጻነታቸውን ማጣት ነበር። ስለዚህ ሞከሩ። ምድጃው ከሸፈ፤ እንደገና ሠሩት፤ ቅርጹ ተበላሸ፤ እንደገና አበጁት። በመጨረሻ የቀለጠው ነሐስ ቅርጹን ሞላ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ስኬት ሽልማትን፣ ሽልማቱም የሚበልጥ ትእዛዝን አመጣ፤ እስከ ሰባት ቶን ግድም የሚመዝነው ሴባስቶፖል እስኪወለድ ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። ወንጌልና ሙያ ሊያስተምሩ የተላኩት ሰዎች የመድፍ ሠሪነት ስም ወጣላቸው።

ለፍርድ ከመቸኮል በፊት ግን የንጉሡንም ወገን መመልከት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስም በበኩላቸው ጠያቂ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሩንና ሌሎች አውሮፓውያን መታሰራቸውም ከዚህ ቅሬታ ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድ ጥበበኞችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ባለቤቱ ጳውሊና ከልጆቿ ጋር እንደ መያዣ ቀረች፤ እርሷም ወደ ምሥራቅ የመጣችው ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በጀርመን በካይዘርስቨርት ባቋቋመው የዲያቆናዊት ሴቶች ማኅበር አገልጋይ ሆና ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ቀጥሮ እስከ ምጽዋ ላከ፤ ነገር ግን እስረኞቹ አስቀድመው ካልተፈቱ ወደ ደጋው አይወጡም አለ። ንጉሡ ደግሞ ጥበበኞቹን ሳያዩ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ባለሙያዎቹ ከምጽዋ ተመለሱ። ለጋሽና ጠያቂ እያንዳንዱ የሌላውን የመጀመሪያ እርምጃ ሲጠብቅ ጉዳዩ ወደ ጦርነት አመራ።

እ.ኤ.አ. በ1867 የጋፋት ሰዎች ንብረታቸው ተወስዶ በጥበቃ ሥር ዋሉ። ትናንት የተሸለመው በቅሎና ልብስ የማን እንደ ነበረ በዚያ ቀን ታወቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት፣ ጥበበኞቹም መንገድ እየጠረጉለት፣ ሴባስቶፖል ተራራና ገደል ተሻግሮ ስድስት ወር ያህል ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ዋልድማየርም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ኋላ አገሩን ለቆ ወጣ። አሥር ዓመት ከሠራበት ምድር ይዞ የወጣው የሚጻፍ ትዝታ ነበር፤ እርሱንም በማግሥቱ ዓመት በባዝል በጀርመንኛ አሳተመው።

ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ የሰፈረው በሊባኖስ ነው። ዋልድማየር በመጀመሪያ እንግሊዛውያን በቤይሩትና በአካባቢው ባቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1873 ከቤይሩት በላይ ባለችው የብሩማና መንደር ሥራውን ለብቻው ጀመረ። ጋፋት ያስተማረችው እዚህ ላይ መታየት ጀመረ። የሚሠራውን ካወቀ በኋላ ለጋሽ ፈለገ እንጂ ለጋሽ ካገኘ በኋላ የሚሠራውን አልፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1874 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ጉዳዩን ክዌከር በመባል ለሚታወቀው የወዳጆች ማኅበር አቀረበ። ማኅበሩ በእምነቱ ጦርነትንና መሣሪያን የሚጸየፍ ነው። የጋፋቱ መድፍ ሠሪ ከእነርሱ እርዳታን ብቻ ሳይሆን አባልነትንም ተቀበለ። የብሩማና ትምህርት ቤት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጸንቶ ቆመ።

ሚስቱ ሱዛን ከሞተች በኋላ፣ ዕድሜው ስድሳ አራት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የብሩማናን ኃላፊነት ትቶ አዲስ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን በሊባኖስ የአእምሮ ሕመምተኞች በቤታቸው ይታሰሩ፣ ወይም በቆዝሀያ ገዳም ዋሻ ርኩስ መንፈስ እስኪለቃቸው ድረስ በሰንሰለት ይጠፈሩ ነበር። ዋልድማየር ሰንሰለት ምን እንደሚያደርግ በመቅደላ አይቶ ያውቃል። በሰንሰለት ፋንታ ሐኪምና ንጹሕ አልጋ የሚያገኙበትን ሆስፒታል ለማቆም ተነሣ፤ ነገር ግን ከአንድ ሳንቲም በፊት ኮሚቴ አቋቋመ። በቤይሩት ሐኪሞችና የታወቁ ሰዎች ያሉበት፣ በለንደንም ገንዘቡን የሚቆጣጠር አካል ተሰየመ። የሆስፒታሉ ዓላማ ተጽፎ ተቀመጠ፤ በሽተኛ ሁሉ በሃይማኖቱም ሆነ በነገዱ ሳይለይ እንዲታከም ተወሰነ። ሽማግሌው ጽሑፉን ይዞ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተጓዘ።

ይህ ጉዞ ቀላል አልነበረም። ሰው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሲለመን በፍጥነት ይሰጣል፤ ለእብድ ተብሎ ሲለመን ግን ያመነታል። ዋልድማየር ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየሄደ ስለ ሰንሰለቱና ስለ ዋሻው ተናገረ፤ የየቤተ ክርስቲያኑን ሰው፣ የየአገሩን ሐኪም ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1898 በቤይሩት አቅራቢያ አስፉሪያ የተባለው መሬት ተገዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ሆስፒታሉ በሩን ከፈተ። የገንዘቡ ምንጭ ብዙ በመሆኑ አንዱ ሰጪ ቢቆጣ ወይም ቢሞት ሥራው አይቆምም ነበር። ውሉ አስቀድሞ የተጻፈ በመሆኑም አንድ ሰጪ ሆስፒታሉን ወደ ግል ፍላጎቱ ሊጠመዝዘው አልቻለም።

የጋፋት ጥያቄ ከዋልድማየር ጋር አልተቀበረም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1972፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አማካይነት ለውጭ ለጋሾች የታወቀ ደብዳቤ ጽፋለች። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ሰጪዎቹ ለልማት ሥራ በብዛት ሲሰጡ ለወንጌል አገልግሎት የሚሰጡት ማነሱ፣ ሰውን በሁለት ከፍሎ የማየት ያህል ነው የሚል ነበር። እርዳታ ተቀባይ የሆነ ወገን ለሥራው የሚያስፈልገውን ለመወሰን መብት እንዳለው በጽሑፍ መከራከሩ ነው። የባዝል ማኅበርና የጋፋት ጥበበኞች ይህን ክርክር በጊዜው አላነሡትም።

ለአንድ የጤና ጣቢያ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ጥናት ከውጭ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለመጠየቅ የሚቀመጥ ባለሙያ፣ በማመልከቻው ላይ የሚጽፈው አኃዝ ብቻ አይደለም። ሥራው የማን እንደሆነም አብሮ ይጽፋል። ዋልድማየር ይህን ለማወቅ አሥር ዓመትና አንድ ንጉሥ አስፈልገውታል። በጋፋት የሙያ ጉድለት አልነበረበትም፤ የማያውቀውን መድፍ እንኳ ተምሮ አፍስሷል። የጎደለው፣ እምቢ ለማለት የሚያስችል ሌላ የገቢ ምንጭና አስቀድሞ የተጻፈ ዓላማ ነበር።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1915 ዓለም በጦርነት እሳት ውስጥ ሳለች ሞተ። አስፉሪያ ከእርሱ በኋላ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን አልፎ፣ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አሠልጥኖ፣ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1982 እስኪዘጋ ድረስ ሕመምተኞችን አገለገለ። ሴባስቶፖል ግን ከተጎተተበት ቀን ጀምሮ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም የሠራው ያው እጅ ነው፤ የለዩአቸውም ከኋላቸው የነበሩት ውሎች ናቸው።