ከቻርጀር በፊት፦ የአጼ ምኒልክ ስልክ፣ ድንጋይ እና ቮይስ ሜሴጅ

ዛሬ ስለ አጼ ምኒልክ እንጽፋለን። ስለ አድዋ ብዙ ስለተባለ ግን በሌላ በኩል እንሂድ። እኚህ ንጉሥ ዛሬ ቢኖሩ አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ ከሚገዙት፣ ገዝተውም ከሚፈቱት ሰዎች አንዱ ይሆኑ ነበር ብለን እናስባለን። ለምን እንደዚያ እንዳልን አንብባችሁ ፍረዱ።

ለሽሮ ሜዳ ልጆች ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ከሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ሽቅብ የሚወጣው አስፋልት እንጦጦ ማርያም ያደርሳል። ምኒልክ የነገሡት እዚያ ነው፤ የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውም አሁን ድረስ ቆሟል። እዚያ ጭቃ ቤት ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሰው ናቸው በኋላ ስልክ፣ መብራትና ፎኖግራፍ ወደዚህ አገር ያስገቡት።

(ዓ.ም. ስንል በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ስንል በፈረንጆቹ ነው።)

ልጅነት በምርኮ

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሳህለ ማርያም ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። ገና 11 ዓመት ሲሞላቸው አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ አባትየውም በዚያው ሰሞን ሞቱ። ልጁ ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ።

ቴዎድሮስ ግን እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ያ ቤተ መንግሥት ደግሞ ተራ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ልጁም የብረትና የእጅ ሥራ ኃይል ምን እንደሆነ በዚያ ዕድሜው ያየ ይመስለናል። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ያኔ 21 ዓመታቸው ነበር።

ኢንጂነሩ እና ጫማው

በ1879 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። ታዲያ ምኒልክ የመጀመሪያ ሥራ ብለው ምን አዘዙት መሰላችሁ? ጫማ! መሐንዲስ ነኝ፣ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ቢልም አልለቀቁትም፤ ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ አዘዙት። እሱንም ሠራ፤ ግን እዚህ ከመሥራት ከውጭ መግዛት እንደሚረክስ አስረዳቸው ይባላል።

ይቺን ነገር ልብ በሉልን። እዚህ እንሥራው ወይስ ከውጭ እናስመጣው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ስልክ መገጣጠሚያ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል። ያኔ ያሸነፈው ማስመጣት ነው።

ኢልግ ግን በዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት የንጉሡ አማካሪ ሆነ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ የባቡሩን ውል አስጀመረ፣ ከእንጦጦ ተራራ እስከ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አወረደ።

እንጦጦ፣ ከዚያ ቁልቁል

ምኒልክ እንጦጦን ዋና ከተማቸው ያደረጉት ለጦር ስለሚመች ነው፤ ሁሉን ከላይ ታያለህ። ለኑሮ ግን ብርድ ነው፣ ማገዶም አለቀ። በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. ከታች ያለውን ሜዳ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ከተማው ቁልቁል ወረደ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

ስልኩ መጣ

ግርሃም ቤል ለስልክ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ከሐረር አዲስ አበባ የሚዘረጋው የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚህ ዓመት ነው። አስቡት፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም፣ ባቡር የለም፤ ምሰሶው በሰው ጉልበት እየተተከለ በረሃ ያቋርጣል። ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፣ ዝሆን ይገፈትረዋል፤ ሽቦውን ለአምባር ቆርጦ የሚወስድም አይጠፋም። ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁ የምታማርሩ፣ የድሮው ምክንያት እንዲህ ነበር።

ከዚያ በፊትም ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ስልክ ይዘው መጥተው ግቢ ውስጥ ተሞክሯል ይባላል። የቤተ ክህነት ሰዎችም ሰው ሳይታይ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ፣ ንጉሡም እንዳልሰሟቸው ይተረካል።

አሁን ወደምንወደው ነገር እንግባ፦ ያ ስልክ በምን ኃይል ነበር የሚሠራው? መብራት ኃይል የለ፣ ሶኬት የለ።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው እጅ ነው። የዚያን ዘመን ስልኮች ጎናቸው ላይ መዘውር አላቸው። ስታዞረው ውስጡ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ያመነጭና ወዲያ ማዶ ያለውን ደወል ያስጮኸዋል። ሁለተኛው ባትሪ ነው። ለመናገር የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ማይክራፎኑ ውስጥ ደቃቅ ከሰል አለ፤ ድምፅህ ሲመታው እየተጠጋጋና እየላላ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ያ ከፍ ዝቅታ ሽቦውን ተከትሎ ሄዶ ወዲያ በኩል ተመልሶ ድምፅ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት ያገለግል የነበረው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ በ1866 እ.ኤ.አ. የሠራው ባትሪ ነው። የመስታወት ማሰሮ ውስጥ የጨው ዓይነት ውህድ በውኃ ይበጠበጣል፤ አንድ የዚንክ ዘንግ፣ አንድ የካርቦን ዘንግ ከማንጋኒዝ ጋር ይገባበታል። ዚንኩ ቀስ እያለ ሲበላ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ 1.5 ቮልት ገደማ። ሲደክም ቻርጅ አይደረግም፤ ዚንኩ ይቀየራል፣ ውኃው ይሞላል። ካዘነበልከው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

በኋላ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ያንን ፈሳሽ ሊጥ አድርጎ በዚንክ ቆርቆሮ አሸገው። ይህ በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ድንጋይ! እናቶቻችን ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የሚገዙት፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ድንጋይ የዚያ ማሰሮ የልጅ ልጅ ነው። ቮልቱ እንኳን ዛሬም ያው 1.5 ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ግን ሌላ ዘር ነው፤ አንዱ ብቻ 3.7 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ሲያልቅም መልሶ ይሞላል።

ባትሪ የማይበላ ቮይስ ሜሴጅ

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክና ለጣይቱ ደብዳቤ ብቻ አልላከችም፤ ድምፅዋን ላከች። በፎኖግራፍ ተቀርጾ፣ በመልእክተኛው በሃሪንግተን እጅ አዲስ አበባ ገባ።

ፎኖግራፍ አሠራሩ ቀላል ነው። በቀንድ መሰል መለከት ትናገራለህ፤ ቀጭን ልባስ ይንቀጠቀጣል፤ ከልባሱ ጋር የተያያዘው መርፌ የሚሽከረከር የሰም ሲሊንደር ላይ ይጭራል። መርፌው ያንኑ ጭረት መልሶ ሲሄድበት ድምፁ ይመለሳል። የሚያሽከረክረው እንደ ድሮ ሰዓት የሚጠመዘዝ ሞላ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ምኒልክ ድምፁን ሲሰሙ በክብር ቆመው እንደነበር፣ መድፍም እንደተተኮሰ ተጽፏል። ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ንግሥቲቱ አስቀድማ አዝዛ ነበር። አንዴ አይተኸው የሚጠፋ መልእክት የዛሬ ፈጠራ ይመስላችኋል? የእሷ ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ምኒልክና ጣይቱ ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በዚያው መንገድ መለሱ። የእነሱ አልተሰበረም። በአማርኛ የተናገሩት አሁንም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ መስማት ትችላላችሁ። ጥራቱ ሻካራ ነው፤ ግን የንጉሡ ድምፅ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ወንበሩ፣ አንድ ጊዜ እንጨርሰው

ቲክቶክ ላይ የሚዞር ወሬ አለ። ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት ቅጣት ኤሌክትሪክ ወንበር አዝዘው፣ ሲመጣ አገሩ መብራት ስለሌለው ዙፋን አደረጉት የሚል። የውጭ የመዝናኛ መጻሕፍትም ይህንኑ ጽፈዋል። ለዚህ ታሪክ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለውም። ቀልዱ የቆመው ንጉሡ ስለ ዕቃው ምንም ሳያውቁ ያዘዙ ሞኝ ናቸው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በ1890 ዓ.ም. ጄኔሬተር አስመጥተው ቤተ መንግሥታቸውን ያበሩት እሳቸው ናቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል የሚሰጥ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ አቃቂ ወንዝ ላይ ተሠራ። ቀጣይ ጊዜ ያ ቪዲዮ ሲመጣባችሁ ይህን ጽሑፍ ኮሜንት ላይ ጣሉበት።

መሣሪያ ለማን?

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ሳንናገር አናልፍም። ምኒልክ የወደዱት መሣሪያ ስልክና ፎኖግራፍ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ጠመንጃ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ወራሪውን ያሸነፈው ጦር ዘመናዊ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ክተቱ ግን የታወጀው በስልክ ሳይሆን በነጋሪት ነው። ያው የጠመንጃ ብልጫ ደግሞ ደቡቡን በጦር ወደ ግዛታቸው ለማስገባት ውሏል፤ ብዙ ሕዝብ ያን ዘመን በሐዘን ነው የሚያስታውሰው። ስልኩም ቢሆን መጀመሪያ የተዘረጋው ለመንግሥት ነው፤ ንጉሡ ሐረር ያለውን ሹም በዚያው ቀን እንዲያዙት።

ሽሮ ሜዳ ይህን ሁለት ጎን ያውቀዋል። ላይ ቤተ መንግሥቱ አለ። ታች ጥበቡን የሚሸምኑት ብዙዎቹ ሥራቸውን ከጋሞ ደጋ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ወደ አዲስ አበባ የመምጣታቸው ታሪክ የሚጀምረውም ደቡቡ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ስለ ምኒልክ አንድ ዓይነት ነገር አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። እኛ ግን አንዱን ለማግነን ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም እንላለን። ስልኩንም ጦርነቱንም ያመጣው ያው አንድ ሰው ነው።

መጨረሻው

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ነገር ተከታትሎ መጣ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ባንክ ተከፈተ፣ መኪና አዲስ አበባ ገባ፣ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ንጉሡ ግን ታመሙ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባድ ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። አገሩን በሽቦ ያገናኙት ሰው ራሳቸው መናገር አቃታቸው። ሥልጣኑ ላይ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትግል ተጀመረ፤ አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ሆነ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ብጥብጥ እንዳይነሳ ተብሎ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። የስልክ መስመር ነበረ፤ ወሬው ግን እንዲሄድበት አልተፈቀደም። ዛሬ ዐፅማቸው በአራት ኪሎው በዓታ ለማርያም ነው።

ባትሪዎቹ አልቀዋል፣ የሐረር ምሰሶዎችም ወድቀዋል። አንደበታቸው ከመያዙ ከአሥር ዓመት በፊት ሰም ላይ የተጫረው ድምፅ ግን አለ። ዛሬ ማታ ኢርፎን አድርጋችሁ ስሙት፤ ምን እንደተሰማችሁም ከታች ጻፉልን። ለሞባይል ጠጋኝ ጓደኛችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።