ሞሰስ ጎምበርግና ባለሦስት ትስስሩ ካርቦን

ሞሰስ ጎምበርግ እ.ኤ.አ. በ1866 በያኔዋ የሩሲያ ግዛት፣ በኤሊዛቬትግራድ ከተማ ተወለደ። በ1884 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቺካጎ ተሰደደ፤ በ1894ም ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በ1897 በሃይድልበርግ፣ በቪክቶር ማየር ቤተ ሙከራ፣ ሌሎች ሞክረው ያልተሳካላቸውን ቴትራፌኒልሜቴንን አዘጋጀ።

ወደ ሚሺጋን ሲመለስ ቀጣዩ ዓላማው ሄክሳፌኒልኢቴን ነበር። ትራይፌኒልሜታይል ክሎራይድን ከብር ጋር አጸግብሮ ነጭ ጠጣር አገኘ። የሚጠበቀው ውህድ 94 በመቶ ገደማ ካርቦን ሊኖረው ሲገባ የተገኘው ግን 88 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ጎምበርግ ልዩነቱን የልኬት ስሕተት ነው ብሎ አላለፈውም፤ ጉድለቱ ከአየር የገባ ኦክስጅን መሆኑን ደረሰበት። ሙከራውን አየር በሌለበት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሲደግመው ቢጫ ሙሙት አገኘ። ሙሙቱ አየር ሲነካው ቀለሙን አጥቶ ፐርኦክሳይድ ይሰጣል፤ አዮዲንንም ወዲያው ይቀበላል።

ጎምበርግ በ1900 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ጠባይ የትራይፌኒልሜታይል፣ ማለትም ሦስት ትስስር ብቻ ያለው ካርቦን የያዘ ነጻ ራዲካል መሆኑን አስታወቀ። ካርቦን ሁልጊዜ አራት ትስስር አለው ተብሎ ይታመን ስለነበር ብዙዎች ተጠራጠሩ። ዛሬ የራዲካሉ መቆየት የሚብራራው ሦስቱ የፌኒል ቡድኖች ያልተጣመረውን ኤሌክትሮን ስለሚጋሩና ካርቦኑን ስለሚከልሉት ነው።

ጎምበርግ በ1947 አረፈ። በ1968 ደግሞ የራዲካሉ ጥንድ ውህድ ሄክሳፌኒልኢቴን አለመሆኑ ተረጋገጠ። የፈለገውን ውህድ አላገኘም፤ ያልፈለገው ግኝቱ ግን ለራዲካል ኬሚስትሪ መሠረት ሆነ።