አውጉስት ዛንደር፦ የጀርመንን ሕዝብ ፊት የመዘገቡ ፎቶግራፍ አንሺ

ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ የሚቀርብ ባለጉዳይ፣ ያቺ ትንሽ ወረቀት የምትሸከመውን ኃላፊነት ብዙ ጊዜ አያስበውም። ተገልጋዩ የአገሩ ሰው ስለመሆኑ ከሚመሰክሩለት ማስረጃዎች አንዷ እርሷ ናት። በጀርመን አገር ግን ይኸው ጉርድ ፎቶግራፍ ዜጎችን ከወገናቸው ለይቶ ለማውጣት የዋለበት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ በኮሎኝ ከተማ ፎቶ ቤት የነበራቸው አውጉስት ዛንደር እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን አንስተዋል፤ ኋላም ያነሷቸውን ሰዎች ወደ ሕዝባቸው መዝገብ መልሰው አስገብተዋል።

ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1876 በምዕራብ ጀርመን በምትገኘው ሄርዶርፍ የተባለች የማዕድን ቀበሌ ተወለዱ። አባታቸው በማዕድን ማውጫው አናጺ ነበሩ፤ ልጁም በጉርምስናቸው በዚያው ሥራ ገቡ። ወደ ማዕድን ማውጫው የመጣ ፎቶግራፍ አንሺ ዕቃ አጋዥ ሆነው ሲመደቡ ከካሜራ ጋር ተዋወቁ፤ የመጀመሪያውን መሣሪያም በአጎታቸው ገንዘብ ገዙ። ከውትድርና አገልግሎት በኋላ በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ በፎቶ ቤት ጥቂት ዓመታት ከሠሩ ወዲህ፣ ባለቤታቸውን አናንና ልጆቻቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ኮሎኝ ገቡ።

በአዲሱ ከተማ ደንበኛ እንደልብ አልተገኘም። ስለዚህም ዛንደር መሣሪያቸውን ተሸክመው ዌስተርቫልድ ወደሚባለው የትውልድ አካባቢያቸው ገጠር እየተመላለሱ ገበሬዎችን ማንሳት ጀመሩ። በጊዜው ፎቶ ቤቶች ሰውን በተቀባ የአትክልት ሥፍራ ወይም በቤተ መንግሥት ሥዕል ፊት አቁመው ፊቱን በብሩሽ ማሳመር ልማዳቸው ነበር። ገበሬዎቹ ግን በደጃቸው፣ በማሳቸው ዳር፣ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1914 የተነሱት ሦስት ወጣት ገበሬዎች ከሁሉ ይልቅ የታወቁ ናቸው፤ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው፣ በመንገድ ላይ ዘወር ብለው ወደ ካሜራው ይመለከታሉ። በዚያው ዓመት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ።

ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ጀርመን ንጉሧን አጥታ ሪፐብሊክ ሆነች። ገንዘቧ ዋጋ አጣ፣ የግራና የቀኝ ፓርቲዎች በየአደባባዩ ተጋጩ፤ ጀርመናዊ ማን ነው የሚለው ጥያቄም የክርክር ሁሉ ሥር ሆነ። ዛንደር የሕይወታቸውን ሥራ ያቀዱት በዚህ መካከል ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ብለው የሰየሙት ይህ ሥራ ገበሬውን፣ የእጅ ባለሙያውን፣ ሴቶችን፣ የየሙያውን ሰው፣ አርቲስቱን፣ የከተማውን ነዋሪና በመጨረሻም ከኅብረተሰቡ ዳር የቀሩትን በሰባት ክፍል የሚያቀርብ ነበር። ቀላል ካሜራ በገበያ በነበረበት ዘመን እርሳቸው በማቆሚያ ላይ የሚተከለውንና በመስታወት የሚያነሣውን ከባድ መሣሪያ መረጡ። ተነሺው ረጋ ብሎ መቆም፣ ራሱን እንዴት ማሳየት እንደሚፈልግም ራሱ መወሰን ነበረበት። ጎድጓዳ ዕቃውን የያዘው ኬክ ጋጋሪም ሆነ ጡብ በትከሻው የተሸከመው የቀን ሠራተኛ ከባለፋብሪካው ባልተለየ ክብር ተነሥተዋል። በሥዕሉ ሥር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሙያ እንጂ ስም አልነበረም። አከፋፈሉ እንከን የለውም ማለት ግን አይቻልም፤ ዓይነ ስውራንንና አካል ጉዳተኞችን በመጨረሻው ክፍል ማስቀመጡ ዛሬ ሲታይ ቅር ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ1929 ከዚሁ ሥራ የተመረጡ 60 ፎቶግራፎች፣ ደራሲው አልፍሬድ ዶብሊን መቅድም ጽፈውለት፣ በመጽሐፍ ታተሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አገዛዙ ጀርመናዊን በአንድ ዘርና በአንድ መልክ ለመወሰን ይጥር ስለነበር፣ የዛንደር መጽሐፍ የሚያሳየው ብዙ ዓይነት ፊት ከዚህ ጋር የሚስማማ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1936 የመጽሐፉ ማተሚያ ሰሌዳዎች እንዲወድሙ ተደረገ።

ቤተሰቡ ከዚያ የባሰ መከራ ቀድሞ ደርሶበት ነበር። የበኩር ልጃቸው ኤሪክ አገዛዙን በሚቃወም የሶሻሊስት ፓርቲ ውስጥ በመሳተፉ እ.ኤ.አ. በ1934 ተይዞ የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚግቡርግ እስር ቤት የፎቶግራፍ ሥራ ተሰጥቶት አብረውት የታሰሩትን የፖለቲካ እስረኞች አነሣ፤ ፎቶግራፎቹም ለወላጆቹ ደረሱ። ፍርዱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ትርፍ አንጀቱ ታምሞ በወቅቱ ሕክምና ባለማግኘቱ ሞተ።

እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣ ድንጋጌ የጀርመን አይሁዳውያን ልዩ ምልክት ያለበት መታወቂያ እንዲይዙ ተገደዱ። ከአገር ለመውጣት የሚሹትም ለጉዞ ሰነዳቸው ፎቶግራፍ ያስፈልጋቸው ነበር። በዚያ ጊዜ ከኮሎኝ አይሁዳውያን አንዳንዶቹ ዛንደር ዘንድ ሄዱ። ዛንደርም እንደማንኛውም ደንበኛ በወንበር አስቀምጠው፣ ጌጥ በሌለው ግድግዳ ፊት፣ በለስላሳ ብርሃን አነሷቸው። ከፊሎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ልብሳቸው የተስተካከለ፣ ዓይናቸው ከካሜራው ራቅ ያለ ነው። በእነዚያው ዓመታት የደንብ ልብስ የለበሱ የናዚ አባላትም በዚያው ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቀምጠዋል። የሥዕሉ አሠራር በሁለቱ መካከል አልተለየም።

ፎቶ ቤቱ በጦርነቱ በቦምብ ከመመታቱ በፊት ዛንደር ኔጋቲቮቻቸውን ከፊሉን ወደ ገጠሯ ኩክሃውዘን አሽሽተው እዚያው ኖሩ። በኮሎኝ ምድር ቤት የቀሩት ግን፣ ቁጥራቸው ከ25 ሺህ የማያንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በተነሣ እሳት ጠፉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ዛንደር በተረፉት ሥራቸውን እንደገና ማደራጀት ያዙ። ለናዚዎች አንድ አቃፊ፣ ለተሰደዱትና ለተሳደዱት አይሁዳውያን አንድ አቃፊ፣ ልጃቸው ላነሣቸው እስረኞችም አንድ አቃፊ አዘጋጁ። አገዛዙ ከሕዝብ መዝገብ የፋቃቸው ሰዎች እንዲህ ከገበሬው፣ ከኬክ ጋጋሪውና ከአሳዳጆቻቸው ጋር በአንድ ሥራ ውስጥ ገቡ። የኤሪክ አስከሬን ፊት የተቀረጸበትን ጭንብል ፎቶግራፍም በመጨረሻው ክፍል አኖሩት።

ዛንደር ሥራቸው ተሟልቶ ሳይታተም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 በኮሎኝ አረፉ። ማኅደራቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያችው ከተማ ለሚገኝ የፎቶግራፍ ተቋም ተላለፈ፤ ከ600 የሚበልጡ ፎቶግራፎችን የያዘው ሥራም እ.ኤ.አ. በ2002 በሰባት ቅጽ ወጣ። የተሳዳጆቹ ፎቶግራፎች ለረጅም ጊዜ ያለ ስም ከቆዩ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ከከተማዋ ሰነዶች ጋር እያመሳከሩ የበርካቶቹን ስምና የደረሰባቸውን ዕጣ ለይተዋል።