የባቡር ነጂው ኬሲ ጆንስ

ጆን ሉተር ጆንስ በሰሜን አሜሪካ በሚዙሪ ግዛት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ልጁ ገና ሳያድግ ቤተ ሰቡ ኬሲ ወደምትባል የኬንታኪ ትንሽ ከተማ ሄዶ ተቀመጠ። ኋላ የባቡር ሠራተኛ በሆነ ጊዜ ጓደኞቹ በዚያች ከተማ ስም ጠሩት፤ ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው አባቱ ባወጣለት ስም አይደለም፥ ኬሲ ጆንስ በሚለው ነው እንጂ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ አገር ሐዲድ በየስፍራው ይዘረጋ ነበርና ብዙ ልጆች ባቡር ነጂ ለመሆን ይመኙ ነበር። ኬሲም እንደዚሁ ተመኘ። በ15 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ በባቡር ኩባንያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ ከዚያም እሳት አንዳጅ ሆነ። የዚያን ጊዜ ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነው። እሳት አንዳጁ በነጂው አጠገብ ቆሞ መንገዱን ሁሉ የድንጋይ ከሰል በአካፋ እየዛቀ ወደ ምድጃው ይጨምራል፤ እሳቱ ውኃውን ያፈላል፥ እንፋሎቱም መንኰራኵሩን ያዞራል። እሳት አንዳጁ የሰነፈ እንደ ሆነ ነጂው ምንም ጐበዝ ቢሆን ባቡሩ አይፈጥንም። ኬሲ ይህን ከባድ ሥራ ችሎ ከሠራ በኋላ በ1891 ዓ.ም. ኢሊኖይ ሴንትራል በሚባለው ኩባንያ ነጂ ሆነ። ቀድሞም በ1886 ዓ.ም. ጄኒ ብሬዲ የምትባል ሴት አግብቶ ነበርና ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ቤታቸውም በቴነሲ ግዛት በጃክሰን ከተማ ነበረ።

በ1895 ዓ.ም. ሚሺጋን ሲቲ በምትባል የሚሲሲፒ መንደር አጠገብ ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ልጅ በሐዲዱ ላይ ደንግጣ ቀረች። ኬሲ ከመቀመጫው ወጥቶ በባቡሩ ፊት ባለው ብረት ላይ ወርዶ ነበርና እጁን ዘርግቶ አነሣት፤ ልጅቱም ዳነች።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በሰዓቱ በመድረስ ነው። ይህ ከንቱ ኵራት አይባልም። በአንድ ሐዲድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱ ብዙ ባቡሮች አሉና፥ አንዱ የዘገየ እንደ ሆነ ሌላው በጐን ሐዲድ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የአንዱ መዘግየት የሁሉን ሥራ ያበላሻል። ነገር ግን ኬሲ ሲቸኵል የኩባንያውን ሕግ የሚተላለፍበት ጊዜ ነበር። በዚህም ምክንያት ዘጠኝ ጊዜ ተቀጥቶ ከሥራው ታግዷል። ጓደኞቹ በፍጥነቱ ሲያመሰግኑት አለቆቹ ደግሞ በዚያው በፍጥነቱ ይቀጡት ነበር።

በአፕሪል 30 ቀን 1900 ዓ.ም. ሌሊት ከሜምፊስ ወደ ካንቶን የሚሄደውን የመንገደኞች ባቡር ሌላ ነጂ ሊነዳ ተመድቦ ነበር። ሰውዬው ስለ ታመመ ኬሲ በእርሱ ፈንታ ለመሄድ እሺ አለ። እሳት አንዳጁ ሲም ዌብ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። ባቡሩ ከሜምፊስ የተነሣው ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ 95 ደቂቃም ዘግይቶ ነበር። ካንቶን መድረስ የሚገባው በ10 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው፤ መንገዱም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ዘገየ ይደርስ ነበር። ኬሲ ግን የጠፋውን ጊዜ ሊመልስ ቈረጠ። ዌብ ከሰሉን ሳያቋርጥ ጨመረ፤ በየጣቢያውም መዘግየቱ እያነሰ ሄደ፤ ጉድማን ከምትባለው ጣቢያ ሲነሡ የቀራቸው አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ፊት ቮን የምትባል ጣቢያ ነበረች። በዚያ ሁለት የዕቃ ባቡሮች ዋናውን መንገድ ለኬሲ ሊለቁ ወደ ጐን ሐዲድ ገብተው ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድነት ከጐን ሐዲዱ ይረዝሙ ነበርና ጫፋቸው በዋናው መንገድ ላይ ቀረ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሱ መንገዱን ሊከፍቱ ሲሉ የአንደኛው ባቡር የነፋስ ቱቦ ፈነዳ። ፍሬኑ የሚሠራው በዚያ ነፋስ ስለ ሆነ፥ ቱቦው ሲፈነዳ ፍሬኑ መንኰራኵሮቹን አጥብቆ ያዘ፤ ባቡሩም ሊንቀሳቀስ አልቻለም። ኬሲ በሚመጣበት በኩል አራት ፉርጎዎች በመንገዱ ላይ ተገትረው ቀሩ።

የኬሲ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ መጣ። ሐዲዱ በዚያ ስፍራ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ነጂው በቀኝ ስለሚቀመጥ ፊት ለፊቱን ማየት አልቻለም። በግራ የነበረው ዌብ ግን ቀይ መብራት አይቶ ጮኸ። ኬሲ እንዲዘል አዘዘው፤ ዌብም ዘለለ፥ ወድቆም ራሱን ሳተ። ኬሲ ሊዘል ይችል ነበር፤ ነገር ግን በስተ ኋላው በተሳቡት ሠረገላዎች ውስጥ የተኙ መንገደኞች ነበሩ። ፍሬኑን ያዘ፥ ማሽኑንም ወደ ኋላ እንዲዞር አደረገ፤ ከቦታውም አልተነሣም። ባቡሩ ፉርጎዎቹን በመታ ጊዜ ፍጥነቱ ወደ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። የሠራተኞቹን ፉርጎ፥ ድርቆሽ የተጫነበትንና በቆሎ የተጫነበትን ሰንጥቆ አለፈ፤ እንጨት በተጫነበት ላይ ሲደርስ ከሐዲዱ ወጣ። ጊዜው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ከባቡሩ ሰዎች ሁሉ የሞተው ኬሲ ብቻ ነው፤ ዕድሜውም 37 ዓመት ነበር።

ኩባንያው ነገሩን ከመረመረ በኋላ ጥፋቱ የኬሲ ነው ብሎ ፈረደ። እንደ ፍርዱ ቃል፥ አንድ ሠራተኛ ወደ ኋላ ተልኮ መብራት አሳይቶ ነበር፤ መንኰራኵር ሲረግጠው የሚፈነዳ ማስጠንቀቂያም በሐዲዱ ላይ አኑሮ ነበር፤ ኬሲ ግን ምልክቱን አልታዘዘም። ዌብ ከሕመሙ ድኖ ብዙ ዘመን ሲኖር ምልክቱን እንዳላዩ ይናገር ነበር። ያም ሆነ ይህ፥ ባቡሩ በዝግታ ቢመጣ ኖሮ ለመቆም ጊዜ ባገኘ ነበር፤ ኬሲም በቦታው ባይጸና ኖሮ የሞቱት ብዙ በሆኑ ነበር። ሁለቱም ያው አንድ ሰው ያደረጋቸው ናቸው።

በካንቶን ባቡሮችን የሚያጥብና የሚወለውል ዋላስ ሳንደርስ የሚባል ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ የኬሲ ወዳጅ ነበረ። እርሱ ስለ ወዳጁ ሞት ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑም ከአፍ ወደ አፍ እያለፈ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ የኬሲ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ሬሳው በጃክሰን ተቀበረ፤ ስሙ የተጻፈበት ሐውልት በመቃብሩ ላይ የቆመው በ1947 ዓ.ም. ነው። 382 ቍጥር የነበረው የባቡሩ ማሽን ተጠግኖ እንደ ገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲም ዌብም እስከ 1957 ዓ.ም. በሕይወት ኖረ።