የመቅደላው ሕፃን

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ አምባውም በእሳት ጋየ። የዚያን ቀን ነገር ስናነሣ ስለ መድፉና ተዘርፈው ስለ ሄዱት መጻሕፍት ብዙ እንናገራለን። በግርግሩ መካከል ከወላጆቹ ስለ ተለየው ትንሽ የጎንደር ልጅ የሚያወሳ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ብቻውን የተገኘ ሕፃን ቻርልስ ቻምበርሊን የተባሉ መኮንን ወደ ህንድ አገር ይዘውት ሄዱ። እርሳቸው ሲሞቱ ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉለት። ልጁም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ በተወረሰ ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የአባቱን ስምና የእናቱን ቋንቋ አጥቶ ቢያድግም፣ በ1874 ዓ.ም. በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ ኋላም በስኮትላንድ ተጨማሪ ትምህርት ቀስሞ በበርማ አገር በሐኪምነት አገለገለ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ዘመዶቹ አወቁት። ወርቅነህ እሸቴ መሆኑንም ያን ጊዜ ተረዳ። ሐኪም ወርቅነህ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ፣ አፄ ምኒልክንም አክመዋል።

በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የባሪያን ንግድ የሚከለክልና ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ታላቅ ነበር። ነገር ግን በፈንጋይ እጅ ከሚወድቁት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ተፈንግሎ የተሸጠ ሕፃን ነፃ ነህ ቢባል ወዴት ይሂድ? የመጣበትን መንደር አያውቅም፤ የሚያበላውም የለም። ከጌታው ደጅ ወጥቶ ጎዳና ላይ ቢወድቅ ሌላ ጌታ ያነሣዋል።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ነፃ የወጡ ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲከፈትላቸው ኃላፊነቱን ያዙ። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም የበላይ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ከዚያም የጨርጨር አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሁለት ልጆቻቸውን ገደሉባቸው። የሰው ልጆች ሲጠለሉ የደከሙት አባት የራሳቸውን ልጆች ለማዳን አልታደሉም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽሞ ሲሻር ለማየት ግን በቁ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ ሕጉ ከዚያ ዘመን ይልቅ ሰፊ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ነገር ግን ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ሸሽታ ወደ አምበር ከተማ የመጣች ልጅ የሕጉን አንቀጽ ይዛ አታድርም። የምታድርበት ቤት፣ የምትበላው እንጀራ፣ በማግሥቱ የምትገባበት ክፍል ያስፈልጋታል። ይህን የሚያዘጋጅላት የወረዳው ሹም ነው።

እንግዲህ ነገ ወንበር የምትይዝ ተማሪ፣ ዛሬም ወንበር ላይ ያለህ ወጣት ሹም ሆይ፤ አዋጁን ስታነብ የመቅደላውን ሕፃን አስበው። እርሱን ያተረፈው እጁን ይዞ ያነሣው ሰው ነበር፤ ካደገ በኋላም የሌሎችን እጅ ያዘ።