ሳራ ሬክተር፦ የማይረባ ከተባለ መሬቷ ነዳጅ የፈለቀላት ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ በሚባለው ግዛት፣ አንዲት የ11 ዓመት ጥቁር ልጅ የአገር ወሬ ሆነች። ስሟ ሳራ ሬክተር ነው። በስሟ ከተመዘገበው መሬት ነዳጅ ገንፍሎ ወጣና በቀን 300 ዶላር ገደማ ይገባላት ጀመር። በዚያ ዘመን ብዙ ሠራተኛ ይህን ያህል ገንዘብ ለማግኘት ወራት መልፋት ነበረበት። ወዲያው ሦስት ጥያቄ ተነሣ። መሬቱ በእርግጥ የማን ነው? ውሉን ማን ይፈርማል? የልጅቷን ገንዘብስ ማን ይጠብቃል?

ሳራ የተወለደችው ማርች 3 ቀን 1902፣ ዛሬ ታፍት ከምትባለው የጥቁሮች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አባቷ ጆሴፍ ሬክተር፣ እናቷ ሮዝ ይባሉ ነበር። ሁለቱም የክሪክ ሕዝብ ባሪያዎች ከነበሩ አፍሪካውያን የተወለዱ ናቸው። ክሪኮች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። መንግሥት በ1830ዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ አገራቸው አፈናቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍራቸው፣ ከመካከላቸው ባሪያ የነበራቸው ባሪያዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1866 በተፈረመ ውል፣ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ከክሪኮች እኩል ዜጋ እንዲሆኑ ተወሰነ። የሳራ መብት ከዚህ ውል ይመዘዛል። ገንዘብ አውጥታ የገዛችው ሳይሆን በዘሯ የመጣላት ነው።

ክሪኮች መሬታቸውን የሚይዙት በጋራ ነበር። መንግሥት ግን በጋራ የተያዘው መሬት ለግለሰብ ተሸንሽኖ ይሰጥ አለ። ለዚህም ዶውስ ኮሚሽን የሚባል አካል ሕዝቡን በመዝገብ አሰፈረ። በአንድ መዝገብ በደም ክሪክ የሆኑት፣ በሌላ መዝገብ ነፃ የወጡት ባሪያዎችና ልጆቻቸው ተጻፉ። በመዝገቡ ስሙ የሰፈረ ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ 160 ኤከር መሬት ይደርሰዋል። ይህ ወደ 650 ዱናም ነው፤ በቀድሞው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል።

ለሳራ የደረሳት ቦታ ከቤታቸው 60 ማይል ገደማ የራቀ ነበር። ለእርሻ የማይመች፣ ድንጋያማ መሬት ነው። ግምቱም በጠቅላላው 556 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። ለም የሆነው ቦታ ለነጭ ሰፋሪዎች ሲሄድ፣ ለጥቁሮቹ ልጆች እንዲህ ያለው መድረሱ በዚያ አካባቢ የተለመደ ነበር። ርስት መነፈግ ምን ማለት እንደሆነ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌ ማንም አያስተምረውም። የሳራ ቤተሰብ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ርስት ተብሎ ተሰጣቸው፣ ግን ግብሩ ከጥቅሙ በለጠ።

ያልተሸጠው መሬት

በመሬቱ ላይ በዓመት 30 ዶላር ግብር ይከፈል ነበር። ለድሃ ገበሬ ይህ ከባድ ሸክም ነው። አባትየው ጆሴፍ መሬቱን ሸጠው ለመገላገል ለማስኮጊ ካውንቲ ፍርድ ቤት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ ግን አልፈቀደም። የአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መሬት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም የሚል ሕግ ነበርና። ያን ቀን አባትየው አዝነው ተመልሰው ይሆናል። ግን ቤተሰቡን ያዳነው ያ ክልከላ ነው። ሽያጩ ቢፈቀድ ኖሮ ነዳጁ የሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ጆሴፍ ሌላ መላ ፈለጉ። በፌብሩዋሪ 1911 መሬቱን ዴቮኒያን ለሚባል የፒትስበርግ የነዳጅ ኩባንያ አከራዩ። ዓላማቸው ቢያንስ የግብሩን ገንዘብ ማግኘት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእስራኤል ከመሬት በታች ያለ ነዳጅ የመንግሥት ነው፤ በ1952 የወጣው የነዳጅ ሕግ ይህን ይደነግጋል። በኢትዮጵያም የማዕድን ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአሜሪካ ግን የግል መሬት ያለው ሰው ከሥሩ ያለውንም ዘይትና ጋዝ ሊይዝ ይችላል። እንዲያውም ላዩን ሽጦ የታችኛውን መብት ለብቻው ማስቀረት፣ ለልጅ ልጅ ማውረስም ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ ላዩን ሌላ ሰው የሚያርሰው መሬት፣ የሥሩ ዘይት ግን በሩቅ ከተማ የሚኖሩ ወራሾች የሆነበት ቦታ ብዙ ነው።

የነዳጅ ኪራይ እንደ ቤት ኪራይ አይደለም። ኩባንያው ሲፈርም በቅድሚያ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ውሉ የጊዜ ገደብ አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተቆፈረ ውሉ ያበቃል፤ ዘይት ከወጣ ደግሞ ዘይቱ እስከወጣ ድረስ ይቀጥላል። ባለመብቱ ከሚወጣው ላይ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ይቀበላል። በሳራ ዘመን የተለመደው ድርሻ ከስምንት አንድ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነበር።

በ1913 ቢ ቢ ጆንስ የተባለ ቆፋሪ በሳራ መሬት ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር ዘይቱ ፈነዳ። በቀን 2,500 በርሜል ይወጣ ጀመር። ከስምንት አንዱ ሲሰላ 312 በርሜል ያህል ነው፤ የበርሜሉ ዋጋ በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር አካባቢ ስለነበር የልጅቷ ድርሻ በቀን 300 ዶላር ገደማ ሆነ። በኦክቶበር 1913 ብቻ 11,567 ዶላር ገባላት። የማይረባ የተባለው መሬት ኩሺንግ በሚባለው ታላቅ የነዳጅ መስክ ውስጥ ተገኘ።

ሞግዚቱ ማነው?

ወሬው ሲሰማ ደብዳቤ ከየአገሩ ጎረፈ። ብድር የሚጠይቅ አለ፣ ስጦታ የሚለምን አለ። ገና 12 ዓመት ሳይሞላት ከጀርመን አራት ወጣቶች ለጋብቻ ጠየቋት።

የከፋው አደጋ ግን በቅርብ ነበር። በ1908 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ የልጆቹን መሬት ጉዳይ ለኦክላሆማ ካውንቲ ፍርድ ቤቶች አስረከበ። ፍርድ ቤቶቹም ሀብት ላላቸው የነባር ሕዝብና የጥቁር ልጆች ነጭ ሞግዚት መሾምን ልማድ አደረጉት። ሞግዚቱ ውል ይፈርማል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ደመወዙንም ከልጁ ሀብት ላይ ይወስዳል። አንዳንዱ ሞግዚት የብዙ ልጆችን ሀብት በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። በ1924 የታተመ አንድ የምርመራ ጽሑፍ፣ በዚህ መንገድ ስንት ወራሽ እንደተዘረፈ በዝርዝር አወጣው። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወለደችው ገርትሩድ ቦኒን ነበረች።

ከዝርፊያም የባሰ ነበር። እዚያው ታፍት ውስጥ በ1911 ሁለት ልጆች በተኙበት ቤት ዲናሚት ፈንድቶ ሞቱ። ምክንያቱ በስማቸው ያለው የነዳጅ መሬት ነው።

የሳራም ሞግዚትነት ከወላጆቿ ወጥቶ ቲ ጄ ፖርተር ለሚባል፣ ቤተሰቡን ለሚያውቅ ነጭ ተሰጠ። በ1914 ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ፣ ልጅቷ ሚሊዮን እየገባላት በችጋር ትኖራለች የሚል ዜና አወጣ። ያን ጊዜ ታላላቆቹ የጥቁር መሪዎች ተነሡ። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በጥቁሮች መብት ማኅበር በኩል ለካውንቲው ዳኛ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ጠየቁ። ቡከር ቲ ዋሽንግተንም ጉዳዩን በቅርብ ተከታተሉ።

ዳኛው በጁን 1914 መለሱ። ለቤተሰቡ አዲስ ቤት መሠራቱን፣ የልጅቷ ገንዘብም በሒሳብ መያዙን ገለጹ። ዜናው የተጋነነ ነበር ቢባልም፣ ጩኸቱ ግን ከንቱ አልሆነም። ከዚያ በኋላ የሳራ ሒሳብ ብዙ ዓይን ያየዋል፤ ዓይን ባለበት ደግሞ እጅ ይሰበሰባል። ሳራም ዋሽንግተን አላባማ ውስጥ ወደመሠረቱት ተስኪጊ ትምህርት ቤት ተላከች።

መዝገብ ሲናገር

የባለቤትነት ማረጋገጥ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት፣ እዚያው ኩሺንግ ውስጥ የነበረውን የቶሚ አትኪንስን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ቶሚ በመዝገብ የሰፈረ የክሪክ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ሞተ ተባለ። በስሙ ከተሰጠው 160 ኤከር ዘይት ሲወጣ እናቱ እኔ ነኝ የሚሉ ከአንድ በላይ ሴቶች መጡ። መንግሥት ደግሞ ጭራሹኑ እንዲህ የሚባል ልጅ አልተወለደም ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1922 የተሰጠው ፍርድ የኮሚሽኑን መዝገብ አጸና። ማጭበርበር ካልተረጋገጠ በቀር መዝገብ የያዘው ይጸናል ማለት ነው።

ስለዚህ በኦክላሆማ የነዳጅ መብት ወረስኩ የሚል ሰው ሰነዱን ከሥሩ ጀምሮ ይፈትሻል። መጀመሪያ መሬቱ ለማን ተሰጠ? ያ ሰው መቼ ሞተ፣ ወራሾቹስ እነማን ናቸው? ፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አጽድቋል? በመሀል የተሸጠ ወይም የተከራየ አለ? የፈረመው ሰው የመፈረም ሥልጣን ነበረው? መልሱ በእስራኤል ታቡ እንደሚባለው ባለ፣ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ቤት ይገኛል። ኩባንያውም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በጠበቃ ይህንኑ ያስመረምራል። ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ከጎደለች ክፍያው ይታገዳል። የቃል ምስክር ብቻውን አይበቃም።

ከአካለ መጠን በኋላ

ሳራ በ1920 አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። በኦክላሆማ ሕግ ሴት ልጅ በ18 ዓመቷ ከሞግዚት ነፃ ትወጣለች። በዚያን ጊዜ ሚሊዮነር ነበረች። የኩባንያ አክሲዮን፣ በማስኮጊ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት፣ በወንዝ ዳር ደግሞ 2,000 ኤከር ለም መሬት ነበራት። ከወላጆቿና ከወንድም እህቶቿ ጋር ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ ሄደች። በ12ኛው መንገድ ላይ ያለው ትልቅ የድንጋይ ቤታቸው እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሳራ ኬኔት ካምቤል የተባሉትን ሰው አግብተው ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ1930 ተፋቱ፤ በ1934 ዊልያም ክሮፎርድን አገቡ። ጥሩ መኪናና ጥሩ ልብስ ይወዱ ነበር፤ ቤታቸውም እንግዳ አይለየውም። በ1930ዎቹ የመጣው ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ከሀብታቸው ብዙውን ወሰደው። ሆኖም ጨርሰው ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ጁላይ 22 ቀን 1967 በ65 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ከስማቸው ያልወጣ መሬትና ዘይት የሚሰጡ ጉድጓዶች ነበሯቸው። አስከሬናቸው ወደ ታፍት ተወስዶ በትውልድ አገራቸው ተቀበረ።

የመዝገቡ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም። በ1979 ክሪኮች አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያወጡ፣ ዜግነት በደም መዝገብ ለተጻፉት ዘሮች ብቻ ሆነ፤ ነፃ ከወጡት ባሪያዎች የተወለዱት ወጡ። እነሱም የአያቶቻቸውን ስም ከዶውስ መዝገብ እያወጡ ለዓመታት ተከራከሩ። በ2025 የክሪኮች ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1866ቱ ውል አሁንም ይጸናል ብሎ ፈረደላቸው። የሳራ ስም የሰፈረውም በዚሁ፣ ነፃ የወጡት በተጻፉበት መዝገብ ላይ ነው።