እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የምግብ ቤቱ ሒሳብ



ዘንድሮ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ተጨማሪ ገቢ አንድ ነገር እንድንጽፍ ተጠይቀናል። ይኸውም ከጡረታ፣ ከደመወዝ ወይም ከእርሻ ሌላ ጥቂት ሳንቲም የሚያስገባ አነስተኛ ንግድ ወይም የሚከራይ ቤት ስለ ማቋቋም ማለት ነው። ምክር ብቻ ብንደረድር አንባቢን ያሰለቻል። ስለዚህ ሁላችን ስማቸውን ከምናውቃቸው፣ የዘር ሐረጋቸውም በአንድ ወገን ወደዚሁ ወደኛው አገር ከሚመዘዘው ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ታሪክ ብንነሳ ይሻላል ብለናል። እቴጌይቱን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በአድዋ ጦርነት ነው። ሆቴል ከፍተው ምግብ በገንዘብ ያሸጡ የሥራ ሰው እንደ ነበሩ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

የእቴጌ ጣይቱ አባት ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ከስሜን መሳፍንት ወገን ናቸው። በአያታቸው በኩል ደግሞ ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገር ካስተዳደሩት ከየጁ ራሶች ይወለዳሉ። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የጁን ገዝተዋል። የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌም የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። እንግዲህ ከወልድያ እስከ መርሳ፣ እስከ ሐብሩ ቆላ ድረስ የእቴጌይቱ ስም እንደ ባዕድ የሚታይ አይደለም። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። በገናም ይደረድሩ ነበር ይባላል።

ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ተራራ ላይ ሆነ። እንጦጦ ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ፣ እንጨቱም የራቀ ስፍራ ነው። እቴጌይቱ ግን ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ ሜዳውን አይተው ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ። ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ያን ጊዜ ሜዳ ነበር። ዛሬ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት እንደሚያወጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤትም ሆነ ንግድ ሲታሰብ፣ ሰው ዛሬ የተሰበሰበበትን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚመጣበትን ማየት ይገባል የምንለው ለዚህ ነው።

ከመርሳ ወደ ደሴ ስንወርድ በመንገዳችን ውጫሌን እናልፋለን። በዚያው አጠገብ፣ በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ። የዚያ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። በአማርኛው ኢትዮጵያ ብትፈልግ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ትችላለች የሚል ሲሆን፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ነገሩ ሲታወቅ በጽኑ ከተቃወሙት ዋናዋ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እኛ በጽሕፈት ሥራ ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ሱቅ ሲከራዩም፣ ቤት ሲገዙም፣ ከብድር ተቋም ገንዘብ ሲወስዱም ውሉን ሳያነቡ፣ ማንበብ ካልቻሉም ሳያስነብቡ መፈረም አይገባም። ትልቅ መንግሥት በአንድ አንቀጽ ጦርነት ከገባ፣ አንድ ችርቻሮ ነጋዴማ በአንድ መስመር ቤቱን ያጣል።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ሲነግሡ ጣይቱም እቴጌ ተባሉ። ጊዜው ግን የደስታ ጊዜ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ነው። የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም ረሃብ መጣ። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። 1966ንም፣ 1977ንም አይተናል። በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያ በጦርነቱ ስትያዝም ደመወዝና ጡረታ የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ ቀርቷል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ጎልቶ የታየው ነገር አንድ ነው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቀል አብሮ ይወድቃል። ተጨማሪ ገቢ ማለት ለመክበር ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ሁለተኛ ምሰሶ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአድዋ ዘመቻ ነው። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያን በምሽጉ ውስጥ ሳለ የሚጠጣበት የምንጭ ውሃ እንዲያዝበት ያደረጉት እሳቸው መሆናቸው የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ሆነ።

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ሆነች። የእንግሊዝም፣ የፈረንሳይም፣ የሩሲያም፣ የጣሊያንም መልእክተኞች መጥተው ተቀመጡ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ አዳኙም ተከተለ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ የሚመጣው ሰው በዛ። ታዲያ ይህ ሁሉ እንግዳ የት ይደር? ምን ይብላ? ከፊሉ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ ከፊሉ ወዳጅ ዘንድ ይጠጋል። በከተማው ከፍሎ የሚያርፍበት ደህና ቤት አልነበረም።

እቴጌ ጣይቱ ይህን አዩ። በመሠረቱ የምግብ ነገር ለሳቸው አዲስ ሥራ አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ይስተናገዳል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠጁ፣ ጥሬ ሥጋው ሁሉ በልክና በሰዓቱ እንዲቀርብ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሆቴል ለመክፈት ሲያስቡ ከማያውቁት ነገር አልጀመሩም። እጃቸው የለመደውን ባልትና ይዘው፣ ገዢው ወዳለበት ወጡ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከመካከላችን ጎረቤቱ በእህል ንግድ ሲያተርፍ አይቶ እህል ሳያውቅ እህል የሚገዛ፣ ዘመዱ ባጃጅ ገዛ ብሎ ሞተር ሳያውቅ ባጃጅ የሚገዛ አለ። ባለቤቱ ግን በርበሬ ስትደልዝ አገሩን የምታስደንቅ፣ ድርቆሽዋም ቂጣዋም ሰው የሚመኘው ሆና ሳለ ሙያዋ ገንዘብ እንደሆነ አይታየውም።

በፒያሳ የተተከለው የእቴጌ ሆቴል የተቋቋመው በ1898 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም. በታላቅ ግብዣ ተመረቀ። ፎቅ ያለው፣ ሰፊ የእንጨት ደረጃ ያለው፣ ለዚያ ዘመን የሚያስደንቅ ቤት ነው። የአገር ሰው ያቋቋመው የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል መሆኑ ይነገርለታል።

ቤቱ ቢከፈትም ዋናው ችግር ያን ጊዜ ጀመረ። የውጭ አገር ሰዎች በልተው ይከፍላሉ፤ ልማዳቸው ነው። የእኛ መኳንንት ግን እህል በገንዘብ መግዛት ነውር ይመስላቸው ነበር። ሰው ቤት ይበላል፣ ቤቱም ያበላል እንጂ ለበላበት ብር ቆጥሮ መስጠት ድህነትም ንፉግነትም ሆኖ ይታያቸዋል። ሻጩንም ቢሆን ይንቁታል። እንደሚነገረው ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ሰብስበው ወደ ባለቤታቸው ሆቴል ወሰዷቸውና ምሳ አበሏቸው። ሲጨርሱም ንጉሡ የተበላውን ሒሳብ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ለራሱ እንዲከፍል አሳሰቡ። መኳንንቱም መጀመሪያ ቢያፍሩ፣ ኋላ እየለመዱት ሄዱ ይባላል።

ይህን ወግ ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ነው የሚያወራው። እኛ ግን ከታሪኩ ሁሉ ዋናው ይኸ ነው እንላለን። ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ሆቴሉ የሚስታቸው ነው፤ አገሩም የሳቸው ነው። በልተው ቢወጡ ማን ይጠይቃቸዋል? ነገር ግን ንጉሥ በነፃ ከበላ ራስ በነፃ ይበላል፤ ራስ በነፃ ከበላ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ከዚያም አሽከሩ ይከተላል፤ ሆቴሉም በወሩ ይዘጋል። ንጉሡ ያን ዕለት ለሚስታቸው ያደረጉላት ትልቁ ስጦታ ሌላ ሳይሆን ሒሳቧን መክፈላቸው ነው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚነግደውንም መናቅ አገር ያደኸያል የሚል አሳብ ነበራቸው። እቴጌይቱም በሆቴሉ ብቻ አልቆሙም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረ፣ በውጭ ሰዎች እጅ ያለ ነበር። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚሆን የአገር ማኅበር እንዲቋቋም ከፍ ያለ ድጋፍ ሰጥተዋል። በኢየሩሳሌምም እሳቸውና ሌሎች መኳንንት ቤት እያሠሩ፣ እየገዙም ለኢትዮጵያ መነኮሳት መርጃ እንዲሆን አድርገዋል። ገንዘብ በእጅ ቢሰጥ አንድ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል፤ የሚከራይ ቤት ግን ለዓመታት ያበላል።

ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ከታመሙ በኋላ እቴጌይቱ ሥልጣኑን ያዙት፤ ነገር ግን መኳንንቱ ተባብረው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አስወጧቸው። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። በዚያም በጸሎት ተወስነው ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው ኋላ ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ፈልሶ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፏል። ሥልጣኑ አለፈ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። የከፈቱት ሆቴል ግን ስንት መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ አሳልፏል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢነሳበትና ብዙ ቢጎዳውም እንደገና ተጠግኗል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ከአባሎቻችን መካከል ባሏን ቀብረን ስናበቃ ልጆቿን ለማሳደግ ሻይ ቤት የከፈተች አንዲት እናት ነበረች። ሻይዋም ዳቦዋም ጥሩ ነበር፤ ሰውም አልጠፋም። የጠፋው ሒሳቡ ነው። አንዳንዱ የቅሬ ሰው ነኝ እያለ በዱቤ ይጠጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በለቅሶዋ ቀን ድንኳን የተከልኩላት እኔ ነኝ እያለ ሳይከፍል ይነሳል። እሷም በሐዘኗ ቀን የደረሰላትን ሰው ሒሳብህን ክፈል ለማለት ይሉኝታ ያዛት። የስኳርና የከሰል ዕዳ ሲጠራቀምባት ሻይ ቤቱን ዘጋች። አየር ባየር ነጋዴም አልጎዳት፣ ግብርም አልከበዳት፤ የጎዳት የኛው ወዳጅነት ነው። ሱቆች በር ላይ ዱቤ ዛሬ የለም ነገ የሚል ጽሑፍ የሚለጠፈው ለማያውቁት ሰው አይደለም፤ ለወዳጅ ነው።

ስለዚህ ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ወልድያ ላይ አንዲት ክፍል ጨምራችሁ ለማከራየትም ይሁን፣ መርሳና ሐብሩ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ለመሸጥም ይሁን፣ ሦስት ነገር አትርሱ። በምታውቁት ሙያ ጀምሩ። በተበደራችሁት ሁሉ ሳይሆን ቢጠፋም ጎጆ በማያፈርስ ገንዘብ ጀምሩ። የሱቁን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ በሁለት ሣጥን አኑሩ፤ በየማታው በአንድ ደብተር ገቢና ወጪውን ጻፉ። ከሱቃችሁ ስኳር ለቤት ስትወስዱም እንደ ማንኛውም ገዢ ከፍላችሁ ውሰዱ፤ ዐፄ ምኒልክ እንዳደረጉት ማለት ነው።

ሥራ ላልጀመርነው ደግሞ የቀረልን ግዴታ አለ። ቅሬያችን እስከ ዛሬ የቆመው ለምንድን ነው? ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ ሀብታሙም ድሀውም፣ ዳኛውም ጸሐፊውም እኩል ስለሚከፍል ነው። ወዳጅህ ነኝና የዚህን ወር ተወኝ የሚል የለም፤ ቢልም ቅጣቱ ይጻፍበታል። በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም። በሞት ጊዜ የምንጠብቀውን ይህን ሥርዓት በሕይወት ላለው ጎረቤታችንም ብንጠብቅለት ምን ይጎዳናል? ከጎረቤት ስንገዛ ዋጋውን ሳናስቀንስና ሳናሳድር እንክፈል። ያች እናት ሻይ ቤቷን እንደገና ለመክፈት አስባለች ሲባል ሰምተናል። የከፈተች ዕለት ሄደን እንጠጣ፤ ጠጥተንም ሒሳባችንን ቆጥረን እንክፈል።

ለሁላችን ዕድሜና ጤና ይስጠን።